የተሰወረው ዐለት

ለንባብ፦ የሐዋርያት ሥራ 27፥27-29፤ ዕብራውያን 6፥19።



የደጋ ሰው በክረምት የሞላ ወንዝ ሲያጋጥመው በበትሩ ጥልቀቱን ሳይለካ አይሻገርም። ሐዋርያው ጳውሎስ በተሳፈረባት መርከብ የነበሩ መርከበኞችም በሌሊት እንዲሁ አደረጉ። የመለኪያ ገመድ ቢጥሉ ጥልቀቱ 37 ሜትር ያህል ሆነ፤ ጥቂት ዐልፈው ቢለኩ 28 ሜትር ያህል ሆነ። በዐለት ላይ እንዳይወድቁ ፈርተው አራት መልሕቅ ጣሉ።

በጅቡቲ ከተማ ፊት ለፊት፥ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ባሉት በሙሻና በመስካሊ ደሴቶች ዙሪያ፥ ኮራል የሚባለው የባሕር ዐለት ከውኃው በታች ተሰውሮ ይገኛል። ባሕሩ ከላይ ጸጥ ያለ ነው፤ ጀልባን የሚሰብረው ግን የማይታየው ነው። ስለዚህ የዛሬ መርከበኞች በገመድ ፈንታ ድምፅን ወደ ታች ይሰድዳሉ። ድምፅ በባሕር ውስጥ በአንድ ሴኮንድ 1500 ሜትር ያህል ይሄዳልና፥ ወለሉን ነክቶ እስኪመለስ በሚፈጀው ጊዜ ጥልቀቱ ይታወቃል።

ነገር ግን ይህን መሣሪያ በአሮጌ የእንጨት ባለ ሸራ ጀልባ ላይ መግጠም ቀላል አይደለም። ድምፁ በእንጨት ውስጥ በደኅና አያልፍም። ስለዚህ ጀልባይቱ ወደ የብስ ትወጣለች፤ ብዙ ዘመን ውኃ ያላስገባው ሆድዋ ይበሳል፤ ድምፅ የሚሰድደውና የሚቀበለው ክፍል በቀዳዳው ይገባል፤ ዙሪያውም ውኃ እንዳያስገባ በጥንቃቄ ይታሸጋል። ባለቤቱ ደኅናውን እንጨት መብሳት ያስፈራዋል፤ ሳይበሳ ግን ከበታቹ ያለውን አያውቅም።

ወዳጆቼ ሆይ፥ በቤተ ክርስቲያን የቈየን ሰዎች ልባችን እንደዚያ አሮጌ እንጨት ነው። ስብከቱን እንሰማለን፤ ቃሉ ግን ወደ ውስጥ አያልፍም። በርስት መሬት ከወንድሙ ጋር ተጣልቶ ዓመታት ያሳለፈ ሰው በየእሑዱ ይዘምራል፤ ፊቱ ጸጥ ያለ ነው፤ ዐለቱ ግን ከታች አለ። የእግዚአብሔር ሕግ ልባችንን ሲበሳ ያመናል። ቢሆንም ሊያሰጥመን አይደለም፤ የሚበሳው እጅ ራሱ ይጠግናልና።

ይህንም አስተውሉ፤ መሣሪያው ጥልቀትን ይናገራል እንጂ ጀልባይቱን አያድናትም። ሕግም ኀጢአትን ይገልጣል እንጂ አያጸድቅም። የነፍሳችን መልሕቅ ስለ እኛ ጎኑን የተወጋው ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ብቻ ነው። እንግዲህ የተሰወረውን ዐለት ያወቀ ሰው እስከ ነገ አይዘግይ፤ ዛሬ ወደ እርሱ ይጸልይ፤ ተነሥቶም ወደ ወንድሙ ቤት ይሂድ።

ጌታ ሆይ፥ ልባችንን ክፈት፤ የከፈትኸውንም በጸጋህ ጠግን። አሜን።