እድሳትና ተሐድሶ

ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ከተማ ወጥቶ ወደ ገጠሩ የሚዘልቅ መንገደኛ ከቤተ ክርስቲያኑ በፊት ዛፉን ያያል። በበቆሎና በበርበሬ ማሳ መካከል ጥቅጥቅ ያለ ጥድና ወይራ ክብ ሠርቶ ቆሟል፤ ጉልላቱ ብቅ የሚለው ጠጋ ሲሉ ነው። የጎጃም ክብ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማሕሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ግድግዳው እንጨትና ከጭድ ጋር የቦካ ጭቃ ነው፤ ክዳኑ ድሮ ሣር ነበር፣ ዛሬ በአብዛኛው ቆርቆሮ ሆኗል። ጭቃ ይሰነጠቃል፣ እንጨት ምስጥ ይበላዋል፣ ሣር ይበሰብሳል። ይህ ቤት ተሠርቶ ባለቀ ማግስት ጠጋኝ መፈለግ ይጀምራል።

ጥገናው የማይበቃበት ጊዜም ይመጣል። ያኔ ምእመናኑ በአቅራቢያው ትንሽ ጎጆ ይቀልሳሉ፤ መቃኞ ይሉታል። ታቦቱ በካህናት ታጅቦ፣ በእልልታ ወደ መቃኞው ይገባል። ከዚያ አሮጌው ቤት ይፈርሳል። አዲሱ እስኪያልቅ ቅዳሴው በመቃኞ ይቀጥላል፤ ገንዘብ ካጠረ ዓመታት ሊቆጠሩ ይችላሉ። በነዚያ ዓመታት ውስጥ ግን «ቤተ ክርስቲያናችን የለችም» የሚል አይገኝም። ሕንጻው ሲጠናቀቅ ታቦቱ ይመለሳል፣ ቅዳሴ ቤቱ ይከበራል፣ ቀኑም ከደብሩ በዓላት አንዱ ይሆናል።

ፕሉታርክ የጻፈው አንድ የአቴና ወግ አለ። የቴሴዎስን መርከብ የአቴና ሰዎች ለመታሰቢያ አኑረውት ሲኖሩ፣ የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ በምትኩ አዲስ ይተክሉ ነበር። ታዲያ መርከቡ ያው መርከብ ነው ወይስ ሌላ? ፈላስፎቹ ለሁለት ተከፍለው ተከራከሩበት። በቡሬ ዙሪያ ያለ አንድ መሪጌታ ጥያቄውን ቢሰማ ብዙም የሚቸገር አይመስልም። ሳንቃውማ ይለወጥ፤ መርከቡ ውስጥ ያለው ማን ነው ብሎ ይጠይቃል። ለጎጃም ሰው ደብሩን ደብር የሚያደርገው ታቦቱ ነው። ሕንጻው ልብስ ነው፤ ልብስም ሲያረጅ ይለወጣል።

ዋሸራንና ጎንጅን የመሰሉ የቅኔ ትምህርት ቤቶችን ባፈራ አገር ነገሩን በቅኔ ቋንቋ መናገር ያምራል፦ ሕንጻው ሰም፣ ታቦቱ ወርቅ። ዘይቤው የመጣው ከአንጥረኛ ቤት ነው፤ ሰሙ ቀልጦ ካልወጣ ወርቁ ቅርጹን አይዝም። ግን ሰም የሌለው ቅኔ ምን ዓይነት ቅኔ ነው? የእድሳት ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄውን የሚያከብደው ቃሉ ራሱ ነው። «እድሳት» የሚለው ቃል ሥሩ ሐደሰ ነው። በዓባይ ላይ የተሠራው ግድብ የተሰየመበት «ሕዳሴ»ም ከዚሁ ሥር ይወጣል። ሦስተኛው ልጅ ግን አስቸጋሪ ነው፦ «ተሐድሶ»። የአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ «ሕንጻችን ሊታደስ ነው» ብሎ ቢያውጅ ገበሬው ባሕር ዛፉን ቆርጦ፣ በሬውን ሸጦ ይመጣል። አንድ ሰባኪ «ተሐድሶ ነው» ተብሎ ቢጠረጠር ግን ያው ጉባኤ ዐውደ ምሕረቱን ይከለክለዋል። በኦርቶዶክሱ አነጋገር ተሐድሶ ማለት ከውስጥ ሆኖ ሃይማኖቱን ወደ ፕሮቴስታንት ሊያዞር የሚሻ ማለት ነው። ቤቱ ያረጃል፤ ሃይማኖቱ አያረጅም። ስለዚህ አንዱ ይታደሳል፣ ሌላው አይነካም። በዚህ ሚዛን ፕሮቴስታንቱ ነገሩን ገልብጦ ይዞታል፦ መታደስ ያለበት ሃይማኖቱ ነው፤ ቤቱ እንደ ምርጫ።

ምዕራብ ጎጃም ውስጥ የፕሮቴስታንት የገጠር ጸሎት ቤት ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ2.1 ሚሊዮን በላይ ከሚሆነው የዞኑ ሕዝብ ከ100ው 98 የሚበልጠው ኦርቶዶክስ ነኝ ብሏል፤ ከቀረው አብዛኛው ሙስሊም ነው። ከቡሬ ተነሥቶ ወደ ነቀምት የሚወስደውን መንገድ ይዞ ዓባይን የተሻገረ ሰው ግን ሌላ ዓለም ውስጥ ይገባል። ወለጋ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ሥር የሰደደችበት ምድር ነው።

የታሪኩ አንድ ክር ግን ወደ ጎጃም ይመልሳል። ለፕሮቴስታንቱ ሁሉም ነገር መጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ በአማርኛ ታትሞ የወጣውን የመጀመሪያ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ የተረጎመው ደግሞ የጎጃም ተወላጅ መሆኑ የሚነገርለት አቡ ሩሚ ነው። ብዙ አገር ዞሮ ካይሮ የገባው ይህ ሰው፣ አስሊን ደ ሼርቪል ለተባለ የፈረንሳይ ቆንስል አሥር ዓመት ገደማ ተቀምጦ ቅዱስ መጽሐፉን ወደ አማርኛ መለሰ። ጽሑፉን እ.ኤ.አ. በ1820 ዊልያም ጆዌት ለእንግሊዙ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው። አራቱ ወንጌላት በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው በ1840 ታተመ። አቡ ሩሚ አንዱንም ታትሞ አላየም፤ ካይሮ ላይ ሞቶ ነበር። የሥራው ፍሬ ግን ለፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ዋና መሣሪያ ሆነ።

ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1534፣ ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ቪተንበርግ ድረስ ዘልቆ ከማርቲን ሉተር ጋር ተነጋግሯል። ሉተርና የሥራ ባልደረባው ሜላንክቶን በእምነት እንደተስማሙ መስክረው የድጋፍ ደብዳቤ ሰጥተው ሸኙት። ዲያቆኑ በዘመናችን ቢሆን ኖሮ በየትኛው ቃል እንደሚጠራ መገመት አያዳግትም።

የሉተራውያን መሠረታዊ ሰነድ የሆነው እ.ኤ.አ. የ1530ው የአውግስቡርግ የእምነት መግለጫ ቤተ ክርስቲያንን የሚተረጉማት በሰዎች ነው፦ ወንጌል በንጽሕና የሚሰበክበት፣ ምሥጢራት በአግባቡ የሚፈጸሙበት የቅዱሳን ጉባኤ። ግድግዳ አልተጠቀሰም፣ ጣሪያም የለም። ይሁን እንጂ የአገራችንን የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያኖች ስም ልብ ብሎ ላየ ሰው አንድ አስገራሚ ነገር አለ። በ1951 ዓ.ም. በብሔራዊ ደረጃ የተመሠረተችው ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን የተጠራችው «መካነ ኢየሱስ» ተብላ ነው፤ መካን ቦታ ነው። ሌላዋ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን «መሠረተ ክርስቶስ» ናት፤ መሠረት ያለ ቤት አይታሰብም። ሕንጻውን ከትርጉሙ አስወጥተው በስም መልሰው አስገቡት።

ትርጉሙን የፈተነው ግን ዘመኑ ነው። የሱዳን ውስጣዊ ሚሲዮን ሰዎች ወላይታ የደረሱት በ1920 ዓ.ም. ነበር። ኢጣሊያ በ1929 ዓ.ም. ሲያስወጣቸው የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። የገጠሩ ጸሎት ቤት እንደ ገበሬው ቤት እንጨት፣ ጭቃና ሣር ነበር፤ በወረራው ዘመን ብዙው ፈርሷል፣ መሪዎቹ ታስረዋል፣ ዋንዳሮ ዳባሮን የመሰሉትም ተገርፈዋል። ሚሲዮናውያኑ ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚገመት አማኝ ጠበቃቸው።

ደርግም ያንኑ ሙከራ ደገመው። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ፤ የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና መሥሪያ ቤት ተወረሰ፤ በወለጋ በርካታ የገጠር ጸሎት ቤቶች ታሸጉ። መሠረተ ክርስቶስ በ1974 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ ተዘጋች፤ ያን ጊዜ አባላቷ ወደ 5,000 ነበሩ። በየሳሎኑ፣ በየጓዳው፣ በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች በሹክሹክታ እየጸለዩ ቆይተው በ1983 ዓ.ም. ሲወጡ 34,000 ገደማ ሆነው ተገኙ። ሕንጻ ለቤተ ክርስቲያን አያስፈልግም ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከየት ይመጣል?

ግን ነጻነት ሲመጣ እነዚያው ሰዎች መጀመሪያ ካደረጉት አንዱ ቤታቸውን ማስመለስና ማደስ ነበር። ጣሪያው የወለቀ፣ መጋዘን ሲሆን የኖረ አዳራሽ ተቀብለው ምስማር መምታት ጀመሩ። በትርጉሙ ብቻ የሚሄድ ፈላስፋ ይህን «ድካም» ሊለው ይችላል፤ ያለ ሕንጻ ሰባት እጥፍ ያደገ ጉባኤ ለምን ወደ ቆርቆሮ ይመለሳል? እዚህ ላይ ሁለቱም ትምህርቶች አንድ ነገር የዘለሉ ይመስላል። በገጠር ቤተ ክርስቲያን የሚሠራው በደቦ ነው። አንዱ ምሰሶ ያመጣል፣ ሌላው ሣር ያጭዳል፣ ሴቶቹ ውኃ በእንስራ ይቀዳሉ፣ ልጆቹ ጭቃውን ይረግጣሉ። ግድግዳው ላይ የአያት እጅ አለበት፤ ቃል በቃል፣ ምርጊቱ ላይ የጣት ፈለግ ይታያል። ይህ የእጅ አሻራ ታቦት አይደለም፣ ጉባኤም አይደለም። በዶግማ መጽሐፍ ስም አልወጣለትም፤ የመንደሩ ሰው ግን በደንብ ያውቀዋል።

የጎጃሙ ክብ ቤትም ችግሩ ይኸው ነው። ታቦቱ ስለሚበቃ ሕንጻውን ለማፍረስ እጅ አያመነታም። ዛሬ በየገጠሩ አዲስ አበባ ያሉና ባሕር ማዶ ያሉ ተወላጆች በሚልኩት ገንዘብ ብሎኬትና ሲሚንቶ ይነሣል፤ ጉልላቱ ይበዛል፣ መስኮቱ ይሰፋል። ነዋሪው ደስ ይለዋል፤ ደስ ቢለውም የሚፈረድበት አይደለም፤ ምስጥ ሲያባርር የኖረ እሱ ነው። አሮጌው መቅደስ ግን ሥዕል አለው። ሥዕሉ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ በጭቃው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነው፤ ግድግዳው ሲናድ ጨርቁን ሳይቀደድ ለማንሣት ባለሙያ ያስፈልጋል፣ ባለሙያውም ባብዛኛው አይጠራም። ጊዮርጊስ ከነፈረሱ፣ ስሙን ከግርጌ ያስጻፈው ለጋሽ ከነሚስቱ ፍርስራሽ ውስጥ ይቀራሉ።

ዛፉንም መርሳት አይገባም። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንቶ 168 እንጨታማ የዕፅዋት ዝርያዎችን መዝግቧል። ደኑ የተረፈው ቤተ ክርስቲያን ስላለበት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ሲታደስ ግን ወይራው ለምሰሶ ይታያል። በዚህ ረገድ ሲሚንቶው ምናልባት ለዛፉ ውለታ ውሎለታል፤ ነገሩ ሁሉ እንዲህ ቀጥ ያለ አይደለም።

በምሥራቅ ጎጃም መርጡለ ማርያም ላይ ደግሞ የጥያቄው መልክ ይለወጣል። ንግሥት እሌኒ ያሠራችውን ቤተ ክርስቲያን የግራኝ አሕመድ ጦር አወደመው። በአጼ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን ካህናት፣ ያውም የካቶሊክ እምነት ሊተክሉ የመጡ ሰዎች፣ በተጠረበ ድንጋይ መልሰው ገነቡት። እ.ኤ.አ. በ1632 አገሩ ወደ ተዋሕዶ ሲመለስ ቦታውም ከነድንጋዩ ተመለሰ። ጽጌረዳ የተቀረጸበት ፍርስራሽ ዛሬም ቅጥር ግቢው ውስጥ አለ። ሃይማኖቱ ተለውጦ ቤቱ ታደሰ፤ ኋላ ሃይማኖቱ ተመልሶ ቤቱ ፈረሰ። የድንጋዩ ጥበብ የማን እንደሆነ ዛሬ የሚጣላበት ገበሬ የለም፤ ማርያም የእሱ ናት።

የምዕራብ ጎጃሙ የጭቃ ቤት እንዲህ ያለ ፍርስራሽ አይተውም። አንድ ክረምት ያለ ክዳን ካደረ ወደ አፈሩ ይመለሳል። ቆሞ የቆየው በየበጋው አውድማው ላይ ጭድ ሲገኝ፣ ሰው ተጠራርቶ ስንጥቁን ስለመረገ ነው። እድሳቱ አንድ ቀን ተጀምሮ አንድ ቀን የሚመረቅ ፕሮጀክት አልነበረም፤ እንደ ጾሙ፣ እንደ ንስሐው በየዓመቱ የሚመጣ ግዴታ ነበር። ተሐድሶ የሚለውን ቃል የሚፈራው ሰው ይህን ሲያደርግ ኖሯል። ሃይማኖት በየዕለቱ መታደስ አለበት የሚለው የወለጋው ወንጌላዊም በየበጋው የራሱን ጸሎት ቤት ሲመርግ ያው ጭቃ እጁ ላይ ነው።

የብሎኬቱ ግድግዳ ምርጊት አይጠይቅም። ሰበካ ጉባኤው ከንግሥ እስከ ንግሥ ለቀለምና ለመስታወት ገንዘብ ያሰባስባል፤ ጭድ ተሸክሞ የሚመጣ የለም። ከአዲሱ ሕንጻ ጎን ያለው መቃኞ ግን ገና አልፈረሰም። በጭቃ እንደተመረገ ነው፤ ውስጡ የተረፈ ሲሚንቶና የወረዱት አሮጌ ምሰሶዎች ተደርድረዋል።