ሲንቄ የሌላት ተማሪ

የሴት ልጅ ክብር የራሷ ነው ወይስ ሌላው ያለበሳት? ጥያቄው የፈላስፎች ብቻ ሆኖ አልቀረም። ስንዴና ገብስ በሚታፈስበት በሲናና ሜዳና በመላው የባሌ ደጋ የኦሮሞ ሴቶች ከጥንት ጀምሮ በአንዲት ቀጭን በትር መልስ ሲሰጡበት ኖረዋል። በትሯ ሲንቄ ትባላለች፤ እናት ለልጇ በሠርጓ የምትሰጣት የክብር ምልክት ናት።

ሚስት የተደበደበች ወይም የተዋረደች እንደሆነ የሲንቄ ጥሪ ታሰማለች። ጥሪውን የሰሙ ሴቶች ሥራቸውን ጥለው፣ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ። ሽማግሌዎች መጥተው፣ በዳዩ ጥፋቱን አምኖ እስኪክስ ድረስ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ምድጃውም ማጀቱም በእነርሱ እጅ ነውና አለመመለሳቸው ለመንደሩ ከባድ ነው። በአንዷ ላይ የተፈጸመው ግፍ በዚህ መንገድ የሁሉም ግፍ ይሆናል። ሲንቄን በውስጡ ያቀፈው የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ መስፈሩም ተገቢ ነው።

ይሁን እንጂ ቅርስን ማክበር ቅርስን ከመመርመር አያግድም። ሲንቄ የምትሰጠው ለሙሽራ ነው። ታዲያ ገና ያላገባችው ልጃገረድ ምን ትያዝ? ከገጠር መጥታ በሮቤ ወይም በጎባ ክፍል ተከራይታ የምትማረው፣ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር በጀመረው በመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ከወላጆቿ ርቃ የምታድረው ተማሪ ስንቅ አላት፤ ሲንቄ ግን የላትም።

ይህ ክፍተት ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ በጎረቤት በአርሲ እ.ኤ.አ. በ1996 የደረሰው ድርጊት ያሳያል። አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ለጋብቻ ተጠለፈች፤ ተደፈረችም። አምልጣ ስትሸሽ የደረሰባትን ጠላፊ በያዘችው ጠመንጃ ተኩሳ ገደለችው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆሞላት፣ ፍርድ ቤቱ ራሷን ስትከላከል ያደረገችው መሆኑን ተቀብሎ በነፃ አሰናበታት። የባህሉ ፍርድ ግን ከትውልድ ቀዬዋ አራቃት። ታሪኳ በኋላ «ድፍረት» ለተሰኘው ፊልም መነሻ ሆኗል።

በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ቢሆን ጠለፋን ቢከለክልም፣ ተጠላፊዋ ጠላፊዋን ያገባች እንደሆነ ክሱ ይቀር ነበር። እንግዲህ ልማዱም ሕጉም በአንድ ሚዛን ይመዝኑ ነበር ማለት ነው፤ ልጅቱ የአባት ቤት ክብር፣ የባል ቤት ንብረት እንጂ በራሷ የቆመች ሰው አልነበረችም። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ብሂል የተቀዳውም ከዚሁ ምንጭ ነው።

ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ይህን ሚዛን ሰብሯል። በአንቀጽ 587 መሠረት ጠላፊ ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል፤ በኋላ የሚፈጸም ጋብቻም ከቅጣት አያድነውም። ሆኖም ሕግ የሚደርሰው የተነገረ በደል ዘንድ ነው። በተማሪዎች መካከል የሚፈጸመው ጥቃት ግን ብዙውን ጊዜ በዝምታ ይሸፈናል። «ስሟ እንዳይጠፋ፣ በሽምግልና ይለቅ» የሚሉ ሁሉ ጨካኞች አይደሉም። ልጃቸው ከትምህርቷ እንዳትቀር፣ የሰው አፍ እንዳይበላት የሚሰጉ ወላጆችም ይገኙባቸዋል። ሥጋታቸው እውነት ነው፤ መፍትሔያቸው ግን የበደሉን ዋጋ የሚያስከፍለው ተበዳይዋን ነው። በዳዩ ከወንበሩ ሳይነሣ እርሷ ዓይኗን ሰብራ ትማራለች።

የሴቶችን የመብት ትግል ከባዕድ አገር የመጣ አስተሳሰብ ነው የሚሉም አልጠፉም። ቃሉ መጤ ሊሆን ይችላል፤ ሴቶች ተሰባስበው ግፍን እምቢ ማለታቸው ግን ለባሌ ደጋ እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 «የሎ ሙቭመንት» የተባለውን እንቅስቃሴ የመሠረቱት ተማሪዎችና መምህራን፣ በግቢው ጠረጴዛ ዘርግተው ስለ ጾታዊ ጥቃት በግልጽ መወያየት ሲጀምሩ፣ ማንም ያልሰጣቸውን ሲንቄ ለራሳቸው አበጁ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከጥንቱ ሥርዓት የሚወረሰውና የሚተወው መለየት ይኖርበታል። ክብርን ከጋብቻ ጋር ማሰሩ ይተው፤ ሴት የምትከበረው ሚስት ወይም እናት ስለሆነች ሳይሆን ሰው ስለሆነች ነውና። አስገድዶ መድፈርም በካሣና በእርቅ የሚዘጋ ጉዳይ አይደለም፤ ቦታው ፍርድ ቤት ነው። የሚወረሰው ግን ታላቅ ነው፤ ይኸውም ግዴታውን በጮኸችው ላይ ሳይሆን በሰሙት ላይ የሚጥለው ሕግ ነው። በሲንቄ ሥርዓት ጥሪ ሰምታ ከቤቷ የማትወጣ ሴት ነውረኛ ትባላለች። በትምህርት ቤት ግን ጥሪውን የሚሰሙት ሴቶች ብቻ አይደሉም፤ መምህሩም፣ የመኝታ ጓደኛዋም፣ የክፍሏ ወንድ ተማሪም ይሰማሉ። የተማረ ኅብረተሰብ ነን የሚሉ ሁሉ ከእነዚያ እናቶች ያነሰ ሊጠየቁ አይገባም።