ይቅርታና ሐቅ፦ ከኋላ የተመታ ሰው ጥያቄ



ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚወስደውን 330 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ የተጓዘ ሰው፣ ከባኮ ወዲያ ያለውን ሁኔታ ያውቀዋል። መንገዱ የመኪና ብቻ አይደለም፤ የከብቱ፣ የአህያው፣ የገበያተኛውና የተማሪው ጭምር ነው። ከአክስቴ ጋር ሆኜ በዚያው መንገድ ስነዳ፣ ስሬ ከመድረሳችን በፊት የከብት መንጋ ድንገት አስፋልቱን ሞላው። ፍሬን ያዝኩ። ከኋላዬ ይከተለኝ የነበረው አይሱዙ ግን አልቆመም። ፓራውልቱን ጨፍልቆ፣ የኋላ መብራቶቼን አድቅቆ፣ ወደ ፊት ገፍቶን ቆመ።

ሹፌሩ ልጅ እግር ነው። እየተንቀጠቀጠ ወረደ። “ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ጭነት ላይ ነበርኩ፣ አልተኛሁም። ስለ ጌታ ብለው ትራፊክ አይጥሩብኝ፤ መኪናው የሰው ነው፣ ያባርረኛል” አለኝ። አክስቴ ከኋላ ወንበር ሆና፣ “አውፍ በለው ልጄ፣ ያተረፈን አላህ ይመስገን” አለች።

ለመሆኑ እንዲህ ባለ ጊዜ ትክክለኛው ነገር ምንድን ነው? ብዙዎቻችን ያለ ማመንታት “ይቅር ማለት ይበልጣል” እንላለን። እውነትም ነው። ቁርኣን በሱረቱ ሹራ የክፉ ነገር ዋጋ አምሳያው መሆኑን፣ ይቅር ብሎ ያስተካከለ ግን ምንዳው ከአላህ ዘንድ መሆኑን ያስተምረናል። ነገር ግን ልብ እንበል፤ ይቅር ማለትና ማስተካከል አብረው ነው የመጡት። የተበላሸውን ሳያስተካክል የሚያልፍ ይቅርታ ምን ዓይነት ይቅርታ ነው?

እዚያው መንገድ ዳር ቆሜ ራሴን ጠየቅኩ፦ ይቅር የምለው የማንን ሐቅ ነው? የመኪናዬ ቆርቆሮ የእኔ ነው፤ እርሱን ይቅር ማለት እችላለሁ። የአክስቴ አካል ግን የእኔ አይደለም። እርስዋ ይቅር ብትልም የደረሰባትን ገና አላወቀችም፤ ከኋላ የተመታ ሰው አንገት ብዙ ጊዜ የሚያመው በማግስቱ ነው። ሦስተኛው ሐቅ ደግሞ ከፊታችን ያሉት እግረኞች ሐቅ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሴኮንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። እንቅልፍ ያሸነፈው ሹፌር ፍሬን ለመርገጥ አንዲት ሴኮንድ ቢዘገይ፣ በዚያ 17 ሜትር ውስጥ ስንት ተማሪ ይኖራል? ዝም ብዬ “ሂድ” ብለው፣ በሰው ገንዘብ መመጽወት ይሆንብኛል።

ስለዚህ ትራፊክ ጠራሁ። ልጁ አለቀሰ። እኔም ጨካኝ የሆንኩ መሰለኝ።

የትራፊክ ፖሊሱ መጣ፤ ለካ፤ ጻፈ። ወደ እኔ ዞሮም “የፍሬን መብራትህ ይሠራ ነበር?” ሲል ጠየቀኝ። “ይሠራ ነበር” አልኩ። የቀኙ በእርግጥ ይሠራ ነበር። የግራው አምፖል ግን ከተቃጠለ ሁለት ሳምንት አልፎታል። አሁን ሁለቱም ደቅቀዋል። ከአላህና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

ያን ሌሊት ነቀምቴ ከዘመድ ቤት አርፌ፣ ዒሻእን ከሰገድኩ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በሱረቱ ኒሳእ ምእመናን በራሳቸው ላይ እንኳ ቢሆን ለፍትሕ ቆመው እንዲመሰክሩ ታዘዋል። በሌላው ላይ መመስከር ቀላል ነው። ያ ልጅ ሥራውን ሊያጣ እንደሚችል እያወቀ ጥፋቱን በአንደበቱ ተናግሯል። ምንም የማላጣው እኔ ግን ግማሽ እውነት ተናገርኩ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ የሁለት መኪኖች ግጭት ሲደርስ በመነሻው ሁለቱን እኩል ይቆጥራል፤ ጥፋቱ በሙሉ ወይም በአብዛኛው የአንደኛው መሆኑ ሲረጋገጥ ነው የሚለየው። ከኋላ የመታ ሁልጊዜ መቶ በመቶ ጥፋተኛ፣ የተመታ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው የምንለው ለራሳችን ስለሚመቸን ነው።

በማግስቱ ሁለት ነገር ሆነ። አክስቴ አንገቷን ማዞር አቃታት፤ ወደ ሐኪም ቤት ወሰድናት። እኔም ወደ ፖሊሱ ተመልሼ የአምፖሉን ነገር ነገርኩት። ለጥቂት ጊዜ ትኩር ብሎ አየኝና ጻፈው። ርቀቱን ያልጠበቀው ሹፌሩ ስለሆነ ዋናው ጥፋት የእርሱ መሆኑ አልተለወጠም። እኔ ግን ቀለለኝ።

ፈተናው በዚህ አላበቃም። ጋራዥ ስገባ ሠራተኛው የመኪናዬን በር አየና፣ “ይህን የድሮ ጭረት አብረን ግምቱ ውስጥ እናስገባው፤ የሚከፍለው ሌላ ሰው አይደል?” አለኝ። አንባቢ ሆይ፣ ተበዳይ መሆን ለመበደል ፈቃድ አይሰጥም። ከተጎዳነው በላይ ስንጠይቅ፣ ያንጊዜ ከኋላ የመታነው እኛ ነን።

ለአክስቴ ሕክምና መንገዱ ግልጽ ነበር። የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ የተደረገው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው፤ የፖሊስ ሪፖርት ባይኖር ኖሮ ግን ምን ይዘን እንጠይቅ ነበር? የመኪናውን ነገር በሽማግሌ ጨረስነው። የአይሱዙው ባለቤት መጥቶ፣ ወጪውን ሁሉ ከሹፌሩ ደመወዝ በአንድ ጊዜ እንደሚቆርጥ ተናገረ። ሽማግሌዎቹ አልተቀበሉትም። በወለጋ የጃርሱማ ሥርዓት፣ ነፍስ ሲጠፋ በሚፈጸመው ጉማም ቢሆን፣ እውነቱ ሳይወጣ እርቅ አይወርድም፤ እውነቱ ከወጣ በኋላ ግን ጥፋተኛው እንዲከፍል እንጂ እንዲጠፋ አይፈለግም።

ይህ የነቢዩ ሱለይማንን (ዐ.ሰ.) ፍርድ አስታወሰኝ። በሱረቱል አንቢያእ የተወሳው ነገር ነው፤ በጎች በሌሊት የሰው አዝመራ ውስጥ ገብተው አበላሹ። የተፍሲር ሊቃውንት እንደሚተርኩት፣ ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) በጎቹ ለአዝመራው ባለቤት እንዲሰጡ ፈረዱ። ሱለይማን ግን ባለ በጎቹ አዝመራውን እንደ ቀድሞው እስኪመልስ ድረስ፣ ባለ አዝመራው በበጎቹ ወተትና ጠጉር ይጠቀም፤ ከዚያ ሁሉም ወደየባለቤቱ ይመለስ አሉ። የተጎዳው ሐቁን አገኘ፤ የጎዳውም ባዶ እጁን አልቀረም።

በእኛም ጉዳይ እንዲሁ ሆነ። ባለቤቱ ሹፌሩን ሌሊት ከሌሊት ያለ ዕረፍት በማስነዳቱ የጥገናውን አብዛኛውን ወጪ ራሱ ቻለ። ሹፌሩ ጥቂቱን በየወሩ ሊከፍል ተስማማ። እኔ የመብራቶቹን ዋጋ ቻልኩ። ልጁም ከሥራው አልተባረረም።

ይቅርታ ያልኩት ያኔ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ መንገድ ላይ ብለው ኖሮ እውነቱን እቀብር ነበር፣ የእኔንም ጭምር። ይቅርታ የሚመጣው ከሐቅ በኋላ እንጂ በሐቅ ምትክ አይደለም። ወላሁ አዕለም።