ከተራራ መውረድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ነሐሴ 13 ቀን በምናከብረው በደብረ ታቦር በዓል ዘወትር የሚሰበከው ስለ መውጣቱ ነው። ጌታችን ሦስቱን ደቀ መዛሙርት ይዞ እንደ ወጣ፥ ብርሃነ መለኮቱን እንደ ገለጠ፥ ጴጥሮስም በዚያ ዳስ ሠርቶ ለመኖር እንደ ተመኘ ሁላችን እናውቃለን። ነገር ግን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 እንደ ተጻፈው ዳሱ አልተሠራም፤ ወረዱ። ከግርጌውም ልጁ የታመመበት አባትና ሊፈውሱት ያልቻሉ ደቀ መዛሙርት ይጠብቋቸው ነበር።

ታቦር ከፍታው 600 ሜትር እንኳ አይሞላም። ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነውን ራስ ዳሸንን የወጡ ሰዎች ግን ቁልቁለት ከዳገት ይልቅ እንደሚፈትን ያውቃሉ። ሲወጡ የሚደክመው ትንፋሽ ነው፤ ሲወርዱ ጭን ሰውነትን እየገታ ይዝላል፥ ጉልበት ሸክሙን ይቀበላል፥ ልብም ደረስን ብሎ ይዘናጋል። ስለዚህ መንገድ አዋቂ ኃይሉን ሁሉ በዳገት አይጨርስም፤ ርምጃውን ያሳጥራል፥ በዘንግ ይደገፋል። የከፍታ ሕመም ጸንቶበት ትንፋሽ ለሚያጥረው ሰውም ዋናው መድኃኒት ሳይዘገዩ መውረድ ነው። በዚያ እልኸኛ ሆኖ መቆየት ለሞት ያደርሳል።

ይህ ነገር ለስደተኛ እንግዳ አይደለም። በአገሩ ዳኛ፥ መምህር፥ የጦር መኰንን የነበረ፥ ሎስ አንጀለስ ገብቶ መኪና አቋሚ፥ ታክሲ ነጂ፥ የሌሊት ዘበኛ የሆነ በመካከላችን ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የከተማው ምክር ቤት ትንሿ ኢትዮጵያ ብሎ በሰየማት በፌርፋክስ ጎዳና ቡና ይዘን ስንቀመጥ የቀድሞ ማዕረጋችንን እናነሣለን። ትዝታው አይከፋም። ዳሳችንን በትዝታ ላይ ከሠራን ግን ከግርጌ የሚጠብቀንን ማን ያየዋል? አባቱ በሁለት ሥራ ተይዞ የማያገኘው ልጅ አለ፤ አማርኛው አልበቃ ብሎት ከቅዳሴው ዳር የቆመ ወጣት አለ፤ በአፓርታማዋ ብቻዋን የምትጾም እናት አለች።

እንግዲህ መውረድን ከመውደቅ አንቍጠረው። የወደቀ እግሩ ከድቶት ነው፤ የወረደ ግን ርምጃውን አስቦ ነው። ርምጃችን ትሕትና፥ ዘንጋችን ጸሎት ይሁን። በተራራው ላይ ክብሩን የገለጠው ጌታ፥ በግርጌውም የታመመውን ልጅ የፈወሰው እርሱ ራሱ ነው። እኛም በወረድንበት ስፍራ የደከመውን እናንሣ።

ስለ እኛ ከሰማያት የወረደ አምላክ እስከ ፍጻሜው ይምራን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።