ራስን መግዛትና ራስን ማስራብ

ራስን መግዛት ከመልካም ምግባራት አንዱ መሆኑን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። እንግዲህ አንድ ወጣት ስፖርተኛ ለድል ሲል ምግብና ውሃ ቢተው ልናደንቀው ይገባልን?

እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ፣ ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ በአሜሪካ ሦስት የኮሌጅ ትግል ተወዳዳሪዎች ሞቱ። ከሚወዳደሩበት የክብደት መደብ ለመግባት ሲሉ ምግብና ውሃ ቀንሰው፣ ላብ የማያሳልፍ ልብስ ለብሰው፣ በሞቀ ስፍራ ሰውነታቸውን ሲያደክሙ ነበር። «በገዛ ፈቃዳቸው ያደረጉት ነው» የሚል አይጠፋም። ሆኖም በ1998 የአገሪቱ የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ያን ልብስና የእንፋሎት መታጠቢያውን ከለከለ፤ ክብደት የሚለካበትንም ሰዓት ወደ ግጥሚያው አቀረበ። ደንብ በመለወጥ ሊታረም የቻለ ጥፋት የወጣቶቹ ብቻ ነው ሊባል አይችልም።

ከዚህም የረቀቀ አደጋ አለ። አኖሬክሲያ የተባለው፣ ሰው ከምግብ የሚሸሽበት የአእምሮ ሕመም፣ የልጃገረዶች ብቻ ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። ነገር ግን በ1988 በሴኡል ኦሊምፒክ በጀልባ ቀዘፋ ወርቅ ያገኘው ጀርመናዊ ባህኔ ራቤ በዚሁ ሕመም ተዳክሞ በ2001 በሳንባ ምች ሲሞት ገና 37 ዓመቱ ነበር። ያን ያህል ብርቱ የነበረ ሰው እንኳ ከዚህ ሕመም አላመለጠም።

በጾም ሥርዓት ያደገ አንባቢ «ይህ ከጾም በምን ይለያል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጾም መያዣና መፍቻ ቀን አለው፤ አብሮ የሚጾም ወገን አለው፤ ለታመመ ሰው ይራራል፤ የተረፈውም ለተቸገረ ይካፈላል። በሕመሙ የተያዘው ወጣት ግን የሚራበው ብቻውን ተደብቆ ነው፤ ፋሲካም የለውም። የቱንም ያህል ቢከሳ ሕመሙ «ገና ነው» ይለዋል። ራሱን የሚገዛ ሰው መጀመር ብቻ ሳይሆን ማቆምም ይችላል፤ ማቆም ያቃተው ግን ተገዢ ሆኗልና ተግሣጽ ሳይሆን ሐኪምና የቅርብ ሰው ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ጥያቄው ወደ እኛ፣ ወደ ወላጆች፣ መምህራንና አሠልጣኞች ይመለሳል። ልጁ ከገበታ የሚርቅበት ሰበብ ሲበዛ፣ በቀን ደጋግሞ ሲመዘን፣ ተጎድቶም እንኳ ልምምድ አላቋርጥ ሲል ዝም ብለን ከሆነ፣ ወይም ይባስ ብለን ጽናቱን ካመሰገንን፣ ከበደሉ ድርሻ አለን።

በአገራችን «ምነው ከሳህ?» ማለት የፍቅር ጥያቄ ነው። ልጁ ስፖርተኛ ስለ ሆነ ብቻ ይህን ጥያቄ አንንፈገው። ጠይቀንም መልሱን እስኪነግረን ድረስ አጠገቡ እንቀመጥ።