ጋዙ የት ሄደ?

ወገኖቼ፣ የካቲት ከገባ ጀምሮ የግንቦት ዝናብ እስኪጥል ድረስ የአሶሳ ሙቀት የዋዛ አይደለም። ወደ ሸርቆሌና ወደ ኩርሙክ ወርዶ የከረመ ሰው እንኳ የእኛን ሙቀት ደጋ ይለው ይሆናል፤ ለእኛ ለነዋሪዎቹ ግን በቂያችን ነው። አቅም ያለው ኤሲ ያስገባል፣ የገባው ይበላሻል፣ የተበላሸው ይሠራል፣ ከዚያ ጠቡ ይመጣል። ባለቤቱ ከፍሎ አሠርቶ ሳምንት ሳይሞላ ማሽኑ ለብ ያለ አየር ሲነፋበት «ሌባ ነው» ይላል። ሠሪውም «እኔ ደኅና አድርጌ ነው ያስረከብኩት» ብሎ ይምላል። አንድ ሰፈር ውለው፣ ለአንድ ለቅሶ አብረው ተቀምጠው፣ በነፋስ ማሽን ሰላምታ ይነፋፈጋሉ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽምና ያቺ ክፉ ቃል ሳትወጣ ነገሩን አብረን እንየው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ብለዋል አባቶች። የዚህ ነገር ሥሩ ይህ ነው፦ ኤሲ ጋዝ አይበላም። ጋዙ በመዳብ ቱቦ ውስጥ እየዞረ የክፍሉን ሙቀት ተቀብሎ ውጭ ላለው ማሽን ያስረክባል፣ ተመልሶም ይገባል። እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ የሚያልቅ አይደለም፤ ቱቦው ካልተበሳ ዓመት ቢመጣ ዓመት ቢሄድ መጠኑ ያው ነው። ስለዚህ «ጋዝ አልቋል፣ እንሙላ» ብሎ የሚነሳ ሠሪ የነገራችሁ የነገሩን ግማሽ ነው። የቀረውን ግማሽ እናንተ ጠይቁት፦ ጋዙ የት ሄደ? ይህ ሳይጠየቅ የተሞላ ጋዝ በተሰነጠቀ ቅል የተቀዳ ውኃ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው ቱቦው ከውጭው ማሽን ጋር በነት የሚታሰርበት ቦታ ነው። ላላ አድርገው ካሰሩት ያፈሳል፤ ከልክ በላይ ካጠበቁትም የመዳቡ አፍ ይሰነጠቃል። ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ማሽኑን አጥፍቶ፣ በጣሳ ውኃ ሳሙና መትቶ፣ አረፋውን በስፖንጅ ነቱ ላይ ቀብቶ ዝም ብሎ ማየት ነው። ቀዳዳ ካለ አንዲት ትንሽ ኳስ ቀስ ብላ ታብጣለች፣ ትፈነዳለች፣ በቦታዋም ሌላ ትተካለች። ይህን ለማየት የሚቆይ ሠሪ ካገኛችሁ ሰው አግኝታችኋል።

ከዚያ በኋላም ሥራው ጊዜ ይፈልጋል። ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላ ቱቦው ውስጥ የገባው አየርና እርጥበት በቫኪዩም ፓምፕ ተመጥጦ ይወጣል። ፓምፑ እያጉረመረመ ሠሪው ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ያየ ባለቤት «ይሄ ልጅ ተኝቷል እንዴ? ጨርሶ አይሄድም?» ይላል። ተዉት፣ ይቀመጥ። ቡና አቅርቡለት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሰዓት ነው፤ እርጥበቱ ሳይወጣ የተሞላ ጋዝ ኮምፕረሰሩን ውሎ አድሮ ይገድለዋል፣ ኮምፕረሰር ደግሞ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዕቃ ነው።

የጋዙ ዓይነትና ክብደት በማሽኑ ጎን በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል። አር 22፣ አር 410ኤ ወይም አር 32 ይላል፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። የ410ኤ ግፊት ከ22ቱ ከግማሽ በላይ ይበልጣል፤ 32 ደግሞ እሳት ሊይዝ የሚችል ነው። ጠንቃቃ ሠሪ በእጁ ዳስሶ «ቀዝቅዟል፣ ይበቃል» አይልም፣ በሚዛን መዝኖ ይሞላል። አር 22 ኦዞንን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ዓለም እየተወው ያለ ጋዝ ነው፤ እየጠፋ ያለ ነገር ደግሞ ይወደዳል። የቆየ ማሽን ያላችሁ ሁለተኛ ጊዜ ከማስጠገናችሁ በፊት ሒሳቡን ሥሩ።

አሁን ደግሞ ወደ እኛ ወደ ባለቤቶቹ ልዙር፣ ቅር አይበላችሁ። «መፈተሹን ተወው፣ ጋዝ ብቻ ሙላልኝና በዚህ ዋጋ ጨርስ» የምንለው እኛ ነን። የከፈልነው ለጋዝ ነው፣ የጠበቅነው ግን ጥገና ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ከዚህ በፊት ማን እንደከፈተው፣ ምን ጋዝ እንደተሞላ፣ የአክስት ልጅ እንደነካካው ለሠሪው ንገሩት። ፊልተሩ ከታጠበ ስንት ወሩ እንደሆነም አስቡ። በበጋ አቧራ የተደፈነ ፊልተር ጋዙ ሙሉ ሆኖ ሳለ ቅዝቃዜውን ይይዛል፣ ቱቦው ላይ በረዶ ያስጋግራል። በእጅ ታጥቦ ለሚመለስ ነገር ሠሪ ተጠርቶ ያውቃል።

ሳይበድል የሚከሰስም ሠሪ አለ። አያቶቻችን የቀርከሃ ግድግዳና የሣር ክዳን ያለው ቤት ሠርተው በማንጎ ጥላ ሥር ያደሩት ሙቀቱን ስላላወቁት አይደለም። እኛ ቆርቆሮ አለበስን፣ ኮርኒስ ሳናስገባ ኤሲ ሰቀልን። ከቀትር በኋላ ያ ቆርቆሮ የሚያወርደውን ሙቀት ትንሽ ማሽን አይችለውም፤ ቢጠገን ባይጠገን ያው ነው። መብራቱስ? ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ትልቁ ግድብ በእኛው ክልል ጉባ ላይ ቢሆንም፣ ማታ አምፑል የሚፈዝበት ቤት ውስጥ ያለ ስታቢላይዘር የሚሠራ ኮምፕረሰር ይታመማል። ይህን ሁሉ በሠሪው ላይ መጫን ፍርድ አይደለም።

አንተም ልጄ ባለሙያው፣ ስማኝ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። ያልቻልከውን «አልቻልኩም» ብትል ማንም አይንቅህም። ሥራህን ስትጨርስ በቁራጭ ወረቀት ቀኑን፣ የት ያፈስ እንደነበር፣ ምን ያህል ግራም እንደሞላህ፣ እስከ መቼ ዋስ እንደሆንክ ጽፈህ ስጥ። በአፍ ብቻ «ችግር የለም፣ ካስቸገረ ደውሉልኝ» ማለት ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ስልኩ የማይነሳ ዕለት ወተቷ አይታይም።

ሕጉም ቢሆን ከሽማግሌ ምክር አይርቅም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1772 ውሌ አልተፈጸመልኝም የሚል ሰው አስቀድሞ ተዋዋዩ እንዲፈጽም ያስጠንቅቀው ይላል። መጀመሪያ ንገረው ማለቱ ነው፤ እኛም በዛፍ ሥር የምንለው ይህንኑ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ አገልግሎቱ ጉድለት ካለበት ሸማቹ በ15 ቀን ውስጥ ያለ ክፍያ እንደገና እንዲሠራለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። ውኃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር ነውና ደረሰኝ ሳትቀበሉ ገንዘብ አትስጡ፤ በእጃችሁ ወረቀት ከሌለ ዳኛው ምን ይይዛል?

ነገሩ ከረረና ሌላ ባለሙያ መጥራት ግድ ከሆነ፣ የሁለተኛውን ሰው ቃል እንዳለ አትቀበሉ። በዚህ ሙያ አዲስ የመጣ ሁሉ የቀደመውን ማማት ይወዳል፤ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። «አረፋውን አሳየኝ» በሉት። ካሳያችሁ በስልካችሁ ቀርጻችሁ ለመጀመሪያው ላኩለትና «ናና እየው» በሉት፣ ስድብ ሳትጨምሩ። ብዙዎቹ ይመጣሉ፣ በነጻም ይሠራሉ። የማይመጣም አይጠፋም፤ ለእሱ በቴሌግራም ስሙን ከማጥፋት ይልቅ ደረሰኙንና ቪዲዮውን ይዞ ወደ ንግድ ቢሮ መሄድ ነው፣ 15ቱ ቀን ሳያልፍ።