የደከመ ድምፅና የሰሚው ግዴታ

የሰው ልጅ በብርታቱ ዘመን ያገኘውን ክብር በድካሙ ዘመን እንዴት አድርጎ ይጠብቀዋል? ይህ ጥያቄ በየሙያው የተሰማራውን ሰው ሁሉ የሚመለከት ቢሆንም፣ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው በዘፋኝ ላይ ነው። ጸሐፊ ሲያረጅ እጁ መንቀጥቀጡን አንባቢው አያይበትም፤ ሠዓሊም የተበላሸበትን ሸራ ጥግ አስይዞ ሌላ መጀመር ይችላል። የዘፋኝ መሣሪያ ግን የገዛ አካሉ ስለ ሆነ፣ ሳንባው በደከመ ጊዜ ጥበቡም በሰው ፊት አብሮ ይደክማል። እንግዲህ ዘፋኝ በእርጅናው ወራት ወደ መድረክ ሊወጣ ይገባዋልን? ወይስ ሰው በመልካም ዘመኑ እንዲያስታውሰው በጊዜ መሰናበት ይሻለዋል? ነገሩ የሙዚቃ ብቻ ሳይሆን የግብረ ገብም ጥያቄ ነው።

በጊዜ መሰናበት ይሻላል የሚሉ ሰዎች ክርክራቸው ቀላል አይደለም። «አንበሳ ሲያረጅ የዝንብ መጫወቻ ይሆናል» የሚለው ያገራችን ተረት የሚያስጠነቅቀው ይህንኑ ነው። ጣሊያናዊው ሮሲኒ «ጊዮም ቴል» የተባለውን ኦፔራ በ1829 ሲያቀርብ ገና የ37 ዓመት ሰው ነበር፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ሞተበት እስከ 1868 ድረስ ሌላ ኦፔራ አልደረሰም። (እዚህና ከዚህ በታች የተጻፈው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) ዝም በማለቱም ስሙ አልቀነሰም። በአንጻሩ አሜሪካዊው ኤልቪስ ፕሬስሊ ጤናው ታውኮ ሳለ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ መዝፈኑን አላቋረጠም። የመጨረሻ ኮንሰርቱን ጁን 26 ቀን 1977 በኢንዲያናፖሊስ አቀረበ፤ ኦገስት 16 ቀን በ42 ዓመቱ ሲሞትም በማግሥቱ የሚጀመር ሌላ ጉዞ ተዘጋጅቶለት ነበር። እነዚህን ሁለቱን ጐን ለጐን አቁሞ የሚያይ ሰው ዝምታን ቢመርጥ አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ በዚህ ፍርድ ላይ ከመጽናታችን በፊት ጁላይ 5 ቀን 2025 በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ የሆነውን እንመልከት። በዚያ ቀን ኦዚ ኦስቦርን የተባለው የሮክ ዘፋኝ ቪላ ፓርክ በሚባለው የእግር ኳስ ሜዳ፣ 40,000 ያህል በሚሆን ሕዝብ ፊት የመጨረሻ ኮንሰርቱን አቀረበ። ሜዳው የሚገኘው ዘፋኙ ባደገበት በአስተን ሠፈር ነው። ዕድሜው 76 ደርሶ ነበር። የፓርኪንሰን በሽታ እንደ ያዘው በ2020 ለሕዝብ ገልጾአል፤ በ2019 ወድቆ የቆየ የአከርካሪ ጉዳቱ ስለ ተቀሰቀሰበትም ተደጋጋሚ ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል፤ በ2023 ደግሞ ከአገር ወደ አገር እየተጓዘ ለመዝፈን አካሉ እንደማይፈቅድለት አስታውቆ ነበር።

ወደ መድረኩ የወጣው በእግሩ አይደለም። በጥቁር ዙፋን ላይ እንደ ተቀመጠ ከመድረኩ ሥር ቀስ እያለ ብቅ አለ። ፊቱ በደስታ ተሞልቶአል፤ እጆቹ ሕዝቡን ያነሣሣሉ፤ ሰውነቱ ግን ከወንበሩ አይነሣለትም። ስድስት ዓመት ያህል ታሞ መክረሙን ለሕዝቡ ነግሮ ምስጋናውን አቀረበ። እኛ ሙዚቃውን ከልጅነታችን ጀምሮ የምንወድና በምስል ሥርጭት የተከታተልነው ሰዎች ሰዓቱን ያሳለፍነው በደስታና በጭንቀት መካከል ነበር። ዜማዎቹን በቃላችን ስለምናውቃቸው፣ ድምፅ የት ላይ ከፍ ማለት እንዳለበት አስቀድመን እናውቃለን፤ ስለዚህ «እዚያ ይደርስ ይሆን?» እያልን ትንፋሻችንን ይዘን እንጠብቅ ነበር። «እማማ፣ ወደ ቤት እየመጣሁ ነው» የሚል ትርጓሜ ያለውን ዝነኛ ዘፈኑን ሲያዜም ድምፁ በእንባ ተሰበረ። እርሱ ያልደረሰበትን ግን ሕዝቡ ተቀብሎ አደረሰለት።

ሙዚቃን በድምፅ ጥራት ብቻ የሚመዝን ሰው «ይህ ምን ኮንሰርት ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ግን በዚያው ሙዚቃ ታሪክ ውስጥ እናገኘዋለን። ኦዚ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር በ1968 የመሠረተው «ብላክ ሳባዝ» የተባለው ቡድን የሠራተኛ ቤተ ሰብ ልጆች ስብስብ ነበር። ኦዚ ራሱ በወጣትነቱ በቄራ ሠርቶአል፤ በስርቆትም ታስሮአል። ጊታር ተጫዋቹ ቶኒ አዮሚ በ17 ዓመቱ በብረታ ብረት ፋብሪካ ሲሠራ፣ መኪናው የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቈረጠበት። ግራኝ ስለ ሆነ የጊታሩን ክር የሚጫነው በዚያው በተጐዳው እጁ ነው። ሆኖም ከቀለጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ለጣቶቹ ቆብ ሠራላቸው፤ ቀጫጭን ክር መረጠ፤ ኋላም የክሮቹን ውጥረት አላላ። በኋላ ሄቪ ሜታል ለተባለው ሙዚቃ መሠረት የሆነው ያ ከባድ ድምፅ ከተወለደባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ጉዳት ነው። እንግዲህ ከተጐዳ አካል የተገኘ ሙዚቃ በታመመ አካል ቢፈጸም ከባሕርዩ ወጣ ማለት አይቻልም።

ሁለተኛም፣ ስንብት ማለት ምን እንደ ሆነ ልናስብ ይገባል። ኦዚ በ1992 ከእንግዲህ ጉዞ የለም ብሎ ሕዝቡን ተሰናብቶ ነበር፤ ነገር ግን ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ተመለሰ። ብላክ ሳባዝም «ፍጻሜ» የሚል ስም የሰጠውን ጉዞ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2017 በዚያው በበርሚንግሃም ደመደመ፤ ሆኖም ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ከበሮ መቺው ቢል ዋርድ በመካከላቸው አልነበረም። በነዚያ ስንብቶች ጊዜ ዘፋኙ ቆሞ ለመዝፈን አቅም ነበረው። በ2025 አቅሙ አልነበረም፤ አራቱ ጓደኛሞች ግን ከሃያ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድነት ተሰልፈው ነበር። የፊተኛው ስንብት ጕልበት እንጂ እውነት ጐደለው፤ የኋለኛው ጕልበት እንጂ እውነት አልጐደለውም። በስንብት ላይ ከሁለቱ አንዱ መጕደሉ ግድ ከሆነ፣ ጕልበት ቢጐድል ይሻላል።

ስለዚህ ሲባል ግን ማናቸውም ያረጀ ዘፋኝ ወደ መድረክ ይውጣ ማለታችን አይደለም። የአድናቂ ፍቅር ራሱ ጨካኝ ሊሆን ይችላል፤ የወደደውን ሰው ደጋግሞ እየጠራ ጨርሶ ሊበላው ይችላል። ገንዘብ የሚያገኙበት ሰዎችም ይህን ፍቅር ለጥቅማቸው ያውሉታል። ስለዚህ ከመፍረዳችን በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባናል፤ ወደ መድረክ የወጣው ወዶ ነው ወይስ ተገዶ? ትርፉ የሚውለው ለምንድር ነው? ሰሚውስ የመጣው ሊወስድ ነው ወይስ ሊሰጥ? የበርሚንግሃሙ ዘፋኝ በወጣትነቱ ዘመን ወዳዳበረው ሕዝብ መመለስን ራሱ ፈልጎአል። ትርፉ ለፓርኪንሰን በሽታ ምርምር፣ ለከተማው የሕፃናት ሆስፒታልና የማይድን ሕመም ላለባቸው ሕፃናት መርጃ እንዲውል ታስቦ ነበር። ሜታሊካን የመሳሰሉ ስመ ጥር ቡድኖች ቀኑን ሙሉ ሲጫወቱ የዋሉትም ለእርሱ ክብር ነው። ሕዝቡ ደግሞ የመጣው ፍጹም ድምፅ ለመስማት እንዳልሆነ የታወቀ ነው፤ ፍጹም የሆነውን ድምፅ በሸክላው ላይ በየቤቱ ይዞት ይኖራልና።

የሰሚው ግዴታ የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ዘፋኙ በብርታቱ ሳለ ሰሚው ተቀባይ ነበር፤ በሐዘኑ ቀን ተጽናንቶበታል፣ በወጣትነቱ ተደፋፍሮበታል። ዘፋኙ ሲደክም ግን ብድሩ የሚከፈልበት ቀን ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ሰሚው ዜማውን ተሸካሚ ይሆናል። ኦዚን በግብረ ገብ ምሳሌ አድርገን አናቀርበውም፤ ሕይወቱ በመጠጥና በአደንዛዥ ዕፅ ብዙ የተጐዳ መሆኑን እርሱም አልሸሸገም። ይሁን እንጂ ድካሙን ሳይሸሽግ በሚያውቁት ሰዎች ፊት መቀመጡ አንድ ነገር ያስተምረናል። እኛ የሚንቀጠቀጥ እጅ ያላቸውን አባቶቻችንን እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ የምናስገባው ብዙ ጊዜ ክብራቸውን ለመጠበቅ እየመሰለን ነው። ነገር ግን የምንጠብቀው የእነርሱን ክብር ነው ወይስ የገዛ ዐይናችንን ምቾት? ጠጅ የያዘው ብርሌ በእጃቸው ላይ ቢንቀጠቀጥ ተቀብሎ የሚይዝ ሰው ካለ፣ ከማኅበሩ መካከል መራቅ አያስፈልጋቸውም።

ኦዚ ኦስቦርን ከኮንሰርቱ በኋላ 17 ቀን ብቻ ቆይቶ ጁላይ 22 ቀን 2025 ዐረፈ። ከዚያ ቀደም ብሎ በዝምታ ቤቱ ቢቀር ኖሮ ማንም አይወቅሰውም ነበር፤ የሮሲኒም መንገድ የተከበረ መንገድ ነው። ሆኖም ሁለት ዓይነት ክብር መኖሩን ልብ እንበል፤ አንደኛው ሰው ድካሙን ሰውሮ የሚጠብቀው ነው፤ ሁለተኛው ድካሙን ላመናቸው ሰዎች አሳይቶ ከእነርሱ የሚቀበለው ነው። የፊተኛውን ክብር ሰው ብቻውን ሊያገኘው ይችላል። የሁለተኛው ግን ከሰጪው ውጭ አይገኝምና፣ ያረጀ ዘፋኝ በመድረክ ላይ ቢዋረድ ወይም ቢከበር ከፊሉ በእኛ በሰሚዎቹ እጅ ነው።